የቀጮ አሯሯጭ

«ጥይት! ጥይት! ጥይት!»

ሜዳው ዳር ግንቡ ላይ የተደረደሩት የኳስ ቡድን ልጆች ጩኸታቸውን ሲለቁት ጥይት ሁለተኛውን ዙር መጀመሯ ነበር። ከኋላዋ የቀጮ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ልክ እንደ ልምምዱ፣ እኩል እየገባ እኩል ይወጣል። ከቀጮ ኋላ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የመጡ ሴት ልጆች እግር በእግር ይከተላሉ። እስካሁን ሁሉም ነገር የስፖርት መምህሩ እንዳሉት እየሄደ ነው። ያልታሰበው የግንቡ ላይ ጉድ ብቻ ነው።

ጥይት የትምህርት ቤቷ የሴቶች ኳስ ቡድን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላትም እነዚሁ ጩኸታሞች ናቸው፤ ኳስ ይዛ ከተፈተለከች የሚደርስባት ስለሌለ። ሩጫ ውስጥ የከተቷት ግን መምህሩ ናቸው። አንድ ቀን ጨዋታዋን አይተው ሲያበቁ ጠሯትና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሳንባ ለኳስ ብቻ ማዋል ግፍ ነው» አሏት። ከዚያም ለክፍል ጓደኛዋ ለቀጮ አሯሯጭ አደረጓት።

አሯሯጭ መሆን ሲያዩት ቀላል ነው። ከፊት ሆኖ ንፋሱን መቀበል፣ ፍጥነትን ሳያዛንፉ እስከ አራተኛው ዙር መጎተት፣ ከዚያ ከመሮጫው መም ወጥቶ ማጨብጨብ ነው። የቀጮ ሥራ ደግሞ የጥይትን ጀርባ ማየት ብቻ ነበር። ግራ ቀኝ አታይም፣ ስለ ፍጥነት አታስብም፣ ማን ቀረበ ማን ራቀ አትልም። «እኔ እንደሆንኩ ዓይኔን ጀርባሽ ላይ ሰክቻለሁ፤ ገደል ብትገቢም ተከትዬሽ ነው» ብላ ነበር ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች። ሁለቱም ስቀው ነበር።

«ኳስና ሩጫ ዘመዳሞች ናቸው» ይላሉ መምህሩ ሁልጊዜ። «ግን ዘመድ ሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ ትፈተለኪያለሽ፣ ከዚያ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ። እዚህ መሰብሰቢያ የለም። የደፋሽው ደፋሽው ነው።» ጥይት ይህን ምክር ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት እንኳ ሳትሳሳት ትደግመዋለች።

«ኧረ ጥይቷ፣ አንዴ ተተኮሺ!» አለች የኳስ ቡድኑ አምበል ሁለት እጇን አፏ ላይ ከባ። ሌሎቹ በውሃ ጠርሙስ ግንቡን እየደበደቡ አጀቧት።

የጥይት እርምጃ ረዘመ። ሳታስበው ነው ቢባል ደስ ባለ፤ ነገር ግን አስባበታለች። ቀጥታውን መንገድ እንደ ጨዋታ ቀን ተፈተለከችበት። ጩኸቱ ቀለጠ። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አላት። ኩርባው ላይ ስትደርስ ግንቡ ከዓይኗ ጠፋ፣ እሷም እንደ ኳስ ልማዷ ቀዝቀዝ አለች። ከኋላዋ የቀጮ ጫማ መሬቱን ሲፍቅ ሰማች። ቀጮ አብራት ተፈትልካ አብራት ፍሬን ይዛለች። ሌሎቹ ልጆች ግን አልተፈተለኩም፤ በራሳቸው ፍጥነት መጥተው ኩርባው ላይ ደረሱባቸው። ያ ሁሉ ጉልበት ለምንም አልሆነም።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ነገሩ በዚያው ይረሳ ነበር። አላቆመችም። በሦስተኛው ዙር ግንቡ ጋ ስትደርስ ደገመችው፣ በአራተኛው ሠለሰችው። በመጨረሻው ላይ የቀጮ ትንፋሽ ሥርዓቱን ማጣቱን በደንብ ሰምታለች። ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ከዚያ ጥይት ከመሙ ወጣች፣ እጇን ወደ ግንቡ አነሳች፣ ልጆቹም ጎል እንዳገባች ሁሉ ጮቤ ረገጡላት። እጇን ገና ሳታወርድ ቀጮ በአጠገቧ አለፈች። ከንፈሯ አመድ መስሎ፣ ዓይኗ የሚያርፍበት ጀርባ አጥቶ ይንከራተት ነበር።

የቀረውን ሩጫ ጥይት ሣሩ ላይ ቆማ አየችው። መጀመሪያ አንዷ ቀጮን አለፈቻት፣ ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁለት ተከታትለው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን የከተማው የወጣቶች ክለብ ይወስዳቸዋል። ቀጮ ይህን ቀን ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ስትጠብቀው ኖራለች። መጨረሻውን መስመር ስታልፍ ግን ሰው ሁሉ አሸናፊዎቹን ከቦ ስለነበር ልብ ያላት አልነበረም።

መምህሩ ሲደርሱ ቀጮ መሙ ዳር ተንበርክካ ጠዋት የጠጣችውን ውሃ ታስመልሳለች። ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጥይት ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«እስከ ሁለተኛው ዙር መስመር ይዘሽ ነበር» አሏት። «ከዚያ እንደ ፌንጣ መዝለል ጀመርሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

ጥይት ወደ ግንቡ ተመለከተች። የኳስ ልጆቹ እየተገፋፉ ወደ በሩ እየሄዱ ነው፤ አንዷ የእሷን አሯሯጥ እየቀዳች ታስቃቸዋለች። «ስለጮኹልኝ ነው» ብሎ መናገር ሼም ነው። ትንሽ ልጅ እንኳ እንዲህ ያለ ምክንያት አያቀርብም። መምህሩ ይጠብቃሉ። አፏ ላይ የመጣላትን ለቀቀች።

«እሷ ናት» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ከኋላዬ ‹ሂጂ፣ ሂጂ› ስትለኝ… ጉልበት የተረፋት መስሎኝ።»

ነጭ ውሸት ነበር። የከፋው ደግሞ የሚታመን መሆኑ ነው። ቀጮ ልምምድ ላይ ሲደክማት ከራሷ ጋር የማውራት አመል አለባት። «በርቺ፣ ደረስሽ፣ አይዞሽ» እያለች ታጉተመትማለች። መምህሩም ስንቴ «አፍሽን ዝጊ! በወሬ የወጣ ትንፋሽ እግር ጋ አይደርስም» ብለዋታል።

ቀጮ ቀና ብላ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እኔ?»

ጥይት ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ» አለች።

ቀጮ ግንባሯን ቋጥራ ለማስታወስ ሞከረች። ሞክራ ሞክራ ተወችው። «ከመሃል በኋላ ያለው ሁሉ ጭልም ብሎብኛል» አለች። «እንግዲህ ብዬ ይሆናላ። ይቅርታ ቲቸር።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ባዶው ሜዳ አዞሩ። «ትንፋሽ ያላትን ኳስ ተጫዋች ሯጭ ማድረግ ይቻላል» አሉ። «ትዕግሥት የሌላትን ሯጭ ግን ምን አደርጋታለሁ?» ከዚያም ለጥይት አዲስ ነገር ነገሯት። ክለቡ ዛሬ ያልተሳካላቸው ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ልጅ ለሁለተኛ ሙከራ እንዲልኩ ፈቅዷል። «ለእሱ አንቺን አስቤያለሁ። ከሄድሽ ኳሱ ይቀራል፣ ስለዚህ ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪ። ሰኞ ጠዋት ለሁሉም አሳውቃለሁ።»

ይህንን ሲሉ ቀጮ እዚያው ናት፣ ትሰማለች። ጥይት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። መሬት ግን እንዲህ ያለውን ልመና ሰምታ አታውቅም፤ ጥይትም እግሯ ላይ እንደቆመች ቀረች።

የጥይት አባት ጎሚስታ ነው። የሚሠራበት ክፍል ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ጀርባ ለጀርባ ሲሆን ፊቱ ዋናውን መንገድ ያያል። በር ላይ አሮጌ ጎማዎች ተደራርበዋል፣ ጥግ ላይ የአየር መሙያው ማሽን ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ከዘይት ብዛት ጥቁር ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት የጥይት ሥራ የተነፋ የውስጥ ጎማ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ነክራ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው።

መምህሩ ደውለው ኖሯል። አባቷ ከዚያ ወዲያ የሚያወራው ሌላ ነገር የለውም።

«ይቺ ልጅ እኮ መሮጥ የተማረችው እኔ ጋ ነው» ይላል ጎማ ለሚያስለጥፈው ባለታክሲ። «ገና ስትድህ አንድ ጎማ አምልጦኝ ቁልቁል ሲንከባለል፣ ተከትላ በዳዴ ቀደመችው!»

«እንዲያ ከሆነማ መኪናዬን ሸጬ እሷን ልቅጠር» አለ ባለታክሲው። «ነዳጅ አትጠጣ፣ ጎማ አትቀይር።»

«ጫማ ትጨርሳለች ወንድሜ፣ እሱን አላየህም።»

ሁለቱ ሲስቁ ጥይት አንገቷን ገንዳው ላይ ደፋች። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ወሬ ታፍርና ደስ ይላት ነበር። ዛሬ እፍረቱ ብቻ ቀርቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ አባቷ የሚኮራበት ነገር ከምን እንደተሠራ የምታውቀው እሷ ናት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ቀጮ ነበረች። ጥይት ሜዳው ላይ ረስታው የመጣችውን ሹራብ አጣጥፋ ይዛለች።

«ኧረ ነይ፣ ግቢ! ምነው እንዲህ መነመንሽ?» አለ አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «በቁልፍ ቀዳዳ ልታልፊ ነው እኮ። ጓደኛሽ የሠራችውን ጉድ ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት።»

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ቀጮ የሆዷ ፊቷ ላይ የሚነበብ ልጅ ናት። ጥይት ገንዳውን ትታ ይዛት ወጣች። የጎማዎቹ ክምር ጋ ሲደርሱ ቀጮ ሹራቡን ሰጠቻትና ቆመች። የሚወራ ነገር እንዳላት ያስታውቃል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች።

«ምን አድርገሽ?»

«አሯሯጭነትሽን አበላሸሁብሽ። አንቺ በሥርዓቱ ስትሠሪ እኔ ከኋላ ‹ሂጂ ሂጂ› እያልኩ… ከዚያ ደግሞ ቲቸር አንቺን ሲያፋጥጡ እኔ ዝም።» የጎማውን ጥርስ በጣቷ ትቧጥጣለች። «ከጠዋት ጀምሮ ላስታውስ እየሞከርኩ ነው። ሞክሬ ሞክሬ አሁን ድምፄን የሰማሁት ሁሉ ይመስለኛል። ወንድሜም ‹አንቺን አንድ ቀን አፍሽ ይጥልሻል ብዬሽ ነበር› አለኝ።»

ጥይት አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ‹አላልሽም› ማለት ብቻ በቂ ነው፤ አንድ ቃል ናት፣ ሰው ተናግሯት የሞተ የለም።

«ጥይት!» አለ አባቷ ከውስጥ። «ነይ ይሄን ያዢልኝ፣ ሰውዬው ይቸኩላል!»

«ሂጂ፣ ይጠሩሻል» አለች ቀጮ። ፈገግ አለች። «ሰኞ ለሙከራው ስትመረጪ እኔ ነኝ አሯሯጭሽ። እሺ?»

«እሺ» አለች ጥይት። ባለታክሲውን፣ ጎማውን፣ አባቷንም ሰበብ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ውስጥ ስትገባ የሚያዝ ነገር አልነበረም፤ አባቷ በራሱ ጨርሶታል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የጥይት ውሸት አድሮም አልቀለለም። እሑድ ጠዋት ኳስ ሜዳ ስትሄድ አብሯት ሄደ።

«ሯጯ መጣች!» አለች አምበሏ መረብ እያሰረች። «ቀወጥሽው እኮ ትናንት! ሦስት ጊዜ ነው የተተኮስሽው። እኔማ ድምፄ ጠፍቶ ቀረ።»

ሌሎቹ ከበቧት። አንዷ ትከሻዋን መታ አደረገች፣ ሌላዋ አፈታተለኳን በእግሯ አሳየች። ጥይት እየሳቀች አብራቸው ትንሽ ቆየችና ድንገት ጠየቀች።

«ከእኔ ኋላ የነበረችውን ግን አያችኋት?»

«የትኛዋን?» አለች አምበሏ።

ከልቧ ነው የጠየቀችው። ሌሎቹም ተያዩ። አንዷ «ባለ ቀይ ቁምጣዋ ናት?» አለች። ቀጮ ቀይ ቁምጣ የላትም። ጥይት መልስ ሳትሰጥ ጫማዋን ለመቀየር ጎንበስ አለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ጥይት በቀኝ በኩል ኳስ ይዛ ተፈተለከች፣ አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋ ላይ ኳሱን ተነጠቀች። እንደ ልማዷ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሳንባዋ እየተቃጠለ ነው። በዚህ መሃል የተነጠቀችውን ኳስ ለመመለስ የመሃል ተጫዋቿ በእሷ ፈንታ ወደ ኋላ እየሮጠች «አለሁልሽ! ተንፍሺ!» ብላ ጮኸችላት።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰምታዋለች፤ ልብ ብላ ግን ሰምታው አታውቅም። ኳስ ሜዳ ላይ አንዷ የደፋችውን ሌላዋ ታነሳላታለች። ስለዚህ እንዳሻሽ ትፈተለኪያለሽ፣ ሒሳቡን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍለዋል። ትናንት ግን የጥይትን ፍጥነት ብቻዋን የከፈለችው ቀጮ ናት። እሷ ኩርባው ላይ ቀዝቀዝ ብላ ስትተነፍስ፣ ቀጮ «አለሁልሽ» የሚላት ሰው አልነበራትም። ሊላት የሚገባው ሰው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ነበር።

«ጥይት፣ ተነሺ እንጂ! ተኛሽ እንዴ?» አለች አምበሏ።

ጥይት ሮጠች። ያን ቀን ሁለት ጎል አገባች፣ አንዱንም በደንብ አላስታወሰችውም።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ በጤዛ ርሶ ነበር። ጥይት ቀድማ የመጣች መስሏት ነበር፤ መሙ ላይ ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን ትዞራለች። በቀጭን እግሯ ከሩቅ ታስታውቃለች። ስትቀርብ ግን አፏ ላይ ነጭ ነገር ታየ። መሀረብ ነበር። እጥፍጥፍ አድርጋ በጥርሷ ነክሳዋለች፣ ትንፋሿም በአፍንጫዋ ብቻ እያፏጨ ይወጣል። ዓይኗ ከትግሉ ብዛት እንባ አቅርሯል።

«ምንድነው እሱ?» አለች ጥይት።

ቀጮ ቆማ መሀረቡን አወጣችው። መጀመሪያ በቂ አየር ሳበች።

«አፌን ላስተምረው ብዬ ነዋ» አለች። «እየሮጥኩ እንዳልለፈልፍ። ትናንት ሙሉ ጠዋት እንዲሁ ነው የሮጥኩት። መጀመሪያ ያፍናል፣ በኋላ ግን ይለመዳል።» ትንሽ አፈረችና መሀረቡን በመዳፏ ሸፈነች። «አስቂኝ ነው አይደል? ግን ሌላ ሰው ላይ ያንን እንዳልደግመው ፈራሁ።»

መሀረቡን መልሳ ነከሰችና ሄደች።

ጥይት እዚያው ቀረች። ጆሮዋ ጋለ። ውሸቱን ስትናገር አንድ ጊዜ የተነገረ፣ አንድ ጊዜ የሚያልቅ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከእሷ ወጥቶ የሰው አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ይኸው ትንፋሽ እያሳጠራት መሙን ይዞራል። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚህ በፊት አታውቅም። ጎል ስታ፣ ፈተና ወድቃ፣ ክፍል ውስጥ ተሰድባ ታውቃለች፤ ያኔ ሰው እንዳያያት ነበር የምትፈልገው። አሁን ግን ማንም እያያት አይደለም፣ ሆኖም እፍረቱን መቋቋም አልቻለችም።

ፊሽካ ተነፋ። የሩጫ ቡድኑ ልጆች ከየአቅጣጫው መጥተው ተሰለፉ። ቀጮ መጨረሻ ላይ መጥታ ከሰልፉ ጫፍ ቆመች። መሀረቡን ጨብጣዋለች። መምህሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁሉንም ቃኙ።

«ቅዳሜ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል» ብለው ጀመሩ። «ሩጫ የእግር ብቻ አይደለም። የአፍም ነው። ጥሩ አሯሯጭ ተሰጥቷት፣ መንገዱ ተጠርጎላት፣ ዝም ብላ መከተል ያቃታት ልጅ የት እንደደረሰች አያችሁ። ስሟን አልጠራም።»

መጥራት አላስፈለጋቸውም። ከታች ክፍል የመጡት ትንንሾቹ አንገታቸውን ወደ ሰልፉ ጫፍ አዙረው ነበር። አንደኛው ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን አፈነ። ቀጮ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች፣ ጉንጯ ቀላ። ራሷን ለመከላከል አንድም ነገር አላለችም፤ ጥፋቷ ነው ብላ አምናለችና።

«ለሁለተኛው ሙከራ የምትሄደውን ደግሞ—»

«ቲቸር» አለች ጥይት።

«ጠብቂ፣ ልጨርስ።»

«ከጨረሱ በኋላ አልችልም።»

ጥይት ከመስመር አንድ እርምጃ ወጣች። አባቷን አሰበች፣ ባለታክሲውን፣ ዛሬ ማታ የሚጠየቀውን ጥያቄ።

«ቀጮ ምንም አላለችኝም። ‹ሂጂ› ያልኩት… ‹ሂጂ አለችኝ› ያልኩት ፈጥሬ ነው። የኳስ ልጆቹ ግንቡ ላይ ሆነው ስለጮኹልኝ ነው የፈጠንኩት። ሦስቱንም ጊዜ። እሷ ዝም ብላ ነው የተከተለችኝ።»

ከሰልፉ አንድም ሰው አልሳቀም። የመምህሩ ዓይን ከጥይት ወደ ቀጮ ሄዶ እዚያ ቀረ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው የቁጣ ጅምር ቦታ አጥቶ ሌላ ነገር ሆነ።

ቀጮ ግን መምህሩን አላየችም። ቀስ ብላ ከሰልፉ ወጥታ ጥይት ፊት መጥታ ቆመች። አልጮኸችም። አንድ ያልገባትን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው ነበር ድምጿ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁ መጥቼ ይቅርታ ስጠይቅሽስ?»

ጥይት ‹ያኔ ልነግርሽ ነበር፣ አባዬ ጠራኝ እንጂ› ማለት ትችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ቃሉም ተዘጋጅቶ አፏ ላይ መጥቶላት ነበር። ዋጠችው።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለች፤ ዓይኗንም ከቀጮ ዓይን ላይ አላነሳችም።